«ቡና» የተጻፈበት የጎማ ቀለበት፦ ከኮምቦልቻ ገዝቼ ደሴ ላይ የሞከርኩት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምትገኘው አነስተኛ ካፌዬ የሚሠራው የቡና ማሽን ከእንፋሎት መክፈቻው ሥር ማፏጨት የጀመረው ሰኔ ሲገባ ነበር። ወተት ለማሞቅ መክፈቻው በተጠመዘዘ ቁጥር ከመያዣው ሥር ቀጭን እንፋሎት ሹልክ እያለ ይወጣል፤ ጠብታውም በማሽኑ ደረት ላይ ወርዶ ከታች ያለውን የፍሳሽ መቀበያ ይሞላል። ማኪያቶ የሚቀዳልኝ ልጅ እጁን ሁለት ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ግፊቱ እስኪበርድ ጠብቄ በካቻቢቴና በፒንሳ ፈታሁት። ጥፋቱ የአንዲት ጎማ ቀለበት ሆኖ ተገኘ፤ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሏት፣ በሁለት ብረቶች መካከል ተጨፍልቃ ውሃና እንፋሎት እንዳያልፍ የምትዘጋ ጥቁር ቀለበት። በጥፍሬ ጫን ሳደርጋት እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተሰባበረች።

ደሴ ላይ ሁለት ቀን ፈልጌ ልኳን ስላጣሁ በሐረጎ በኩል ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከሚሌ በባቲ በኩል ወደ መሃል አገር የሚወጡት ከባድ መኪኖችም ስለሚያልፉባት የመለዋወጫ መደብር አይጠፋባትም። የገባሁበትን መደብር ስም አልጠቅስም። ሻጩ ወጣት፣ ትሑትና ቀልጣፋ ነበር። የተሰባበረችውን ቀለበት በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ስለነበር ቁርጥራጮቹን አየት አድርጎ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የፕላስቲክ ሣጥን አወረደና ክዳኑን ወደ እኔ አዞረው።

«ጋሼ፣ ለቡና ማሽን ከሆነማ ይኸው፤ ስሙም ቡና ነው።»

እውነትም በክዳኑ ላይ በላቲን ፊደል በጉልህ «ቡና-ኤን» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ከጎኑም 70 የሚል ቁጥር። እኔ ሃምሳ ዓመት የዘለልኩ ሰው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስጠጣና ስሸጥ የኖርኩ፣ ያንን ቃል በባዕድ ፊደል ተጽፎ ሳየው ልቤ ሞቀና ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ዋጋው በዚያ ቀን ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ብዙም አይበልጥም ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈው በዚያች ቅጽበት ባለመጠየቄ ምን እንደደረሰብኝ፣ ሣጥኑ ግን በትክክለኛ ቦታው ምን ያህል እንደጠቀመኝ ሌላው ገዢ እንዲያውቀው ነው።

ስለ ዕቃው ራሱ ልናገር። ሣጥኑ 225 ቀለበቶች በ18 ክፍል ተደርድረው ይዟል። ትንሿ ከክብሪት እንጨት እምብዛም የማይወፍር ነገር የምታቅፍ ስትሆን ትልቋ ለአውራ ጣት የምትበቃ ናት። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈው ሠንጠረዥ የእያንዳንዱን ክፍል የውስጥ ስፋትና የቀለበቱን ውፍረት በሚሊሜትር ይዘረዝራል፤ ኦሪንግ የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ልክ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ስፋቱ ልክ ሆኖ ውፍረቱ በግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ቀለበት ያለምንም ችግር ይገባል፣ ነገር ግን አይዘጋም። በካሊፐር ለክቼ ሳመሳክር አብዛኞቹ ከሠንጠረዡ ጋር ተስማሙ። ሁለት ክፍሎች ግን ተደባልቀው ነው የመጡት፤ ጉዞ ላይ ክዳኑ ተጭኖ ስላልያዛቸው ይመስለኛል። 70 የሚለው ቁጥር ሾር ኤ በሚባለው መለኪያ የጎማው ጥንካሬ ነው፤ ከመኪና ጎማ ቆዳ ጋር የሚቀራረብ፣ በጣት ሲጫኑት ትንሽ ብቻ የሚሰጥ፣ ለአብዛኛው ሥራ የሚመረጥ መካከለኛ ልክ ነው። ጎማው ጥቁርና ለስላሳ ሲሆን ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ጠርዝ አልነበረበትም። በሣጥኑ ላይ ያጣሁት ነገር አንድ ነው፤ ዕቃው ከምግብና ከመጠጥ ጋር ሊነካካ እንደሚችል የሚገልጽ ምልክት የትም የለም። ይህን ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ልኳን መርጬ በእንፋሎት መክፈቻው ውስጥ አስገባኋት። ፉጨቱ ወዲያው ቆመ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሞቀው ወተት ለአፍንጫ የሚታወቅ ሽታ ነበረው፤ ሁልጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ ሲመለሱ የሚገቡ አንድ ጡረተኛ መምህር ስኒውን ከአፍንጫቸው አስጠግተው «ልጄ፣ ማኪያቶህ ጎማ ጎማ ይላል» አሉኝ። የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው ብዬ አለፍኩት፤ እውነትም በሦስተኛው ቀን ጠፋ። በአራተኛው ሳምንት ግን ፉጨቱ ተመለሰ። ፈትቼ ሳያት ክብ የነበረችው ቀለበት በአንድ ጎኗ ጠፍጥፋ ቀርታለች፤ ስለቃትም ወደ ቀድሞ ቅርጿ አልተመለሰችም። ስጠመዝዛት በውጭ ጠርዟ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታዩ።

ምክንያቱ የእንፋሎቱ ሙቀት ነው። ማሽኔ የሚሠራው የቦይለሩ የግፊት መለኪያ አንድ ባር ሲያሳይ ነው። መለኪያው የሚያነበው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ያው አንድ ባር በባሕር ጠለል 120 ዲግሪ ገደማ እንፋሎት ሲሰጥ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ ላይ ወደ 116 ዲግሪ ይወርዳል። (ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሁለት ዲግሪ ያህል ዘግይቶ ይፈላል፤ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ የሁለቱ ከተማ ሰው ልዩነቱን ይረዳኛል።) ከፍታው አራት ዲግሪ ቢቀንስልኝም ያ ጎማ አልቻለም፤ ቡና-ኤን የሚባለው ጎማ ዘወትር የሚሸከመው ሙቀት እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ያንንም የሚሸከመው በተለይ በዘይት ውስጥ ሲሆን ነው። ሙቅ ውሃና እንፋሎት ግን ቶሎ ያደርቁታል።

ጠፍጣፋዋን ቀለበት ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ማኪያቶ የሚቀዳልኝ ልጅ ሣጥኑን እያገላበጠ «ታዲያ ለቡና የማይሆን ከሆነ ለምን ቡና ብለው ጻፉበት?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ከኦሪንጉ ይልቅ ብዙ ምሽት አስነበበኝ።

በሣጥኑ ላይ ያለው «ቡና» ጀርመኖች ከሁለት የኬሚካል ስሞች ቆርጠው የገጣጠሙት ቃል ነው። «ቡ» ከቡታዲን የተወሰደ ነው፤ ከነዳጅ ወይም ከአልኮል ሊሠራ የሚችል ጋዝ ነው። «ና» ደግሞ ከናትሪየም የተወሰደ ነው፤ እኛ በእንግሊዝኛው መንገድ ሶዲየም የምንለውን ብረት ጀርመኖች ናትሪየም ይሉታል፤ በኬሚስትሪ መጽሐፍም ምልክቱ ከዚህ ስም የመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ ቡታዲኑን ሰንሰለት አድርጎ ወደ ጎማ የሚያያይዘው ሶዲየም ስለነበር ስሙ የአሠራሩ ምህጻረ ቃል ሆነ። የተፈጥሮ ጎማ የሚገኘው ከሞቃታማ አገሮች ዛፍ ነው፤ ጀርመን እንዲህ ያለ ዛፍ አልነበራትም፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ባሕሩ ተዘግቶባት በጎማ እጦት ተቸግራ ነበር። ስለዚህ ኢ ገ ፋርበን የተባለው የኬሚካል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሽኮፓው በተባለ ቦታ ትልቅ የቡና ፋብሪካ አቋቋመ።

ነገሩ እየከበደ የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው። የድርጅቱ ኬሚስቶች ቡታዲኑን ከሌላ ነገር ጋር ሲያጋቡት የተሻለ ጎማ እንደሚወጣ አወቁ። ከስታይሪን ጋር የተጋባው ቡና-ኤስ፣ ከአክሪሎናይትራይል ጋር የተጋባው ቡና-ኤን ተባለ። ሁለቱም ደግሞ የሚሠሩት በሳሙና ውሃ ውስጥ እንደ ወተት በተበተነ ፈሳሽ ነው እንጂ በሶዲየም አይደለም። እንግዲህ እኔ ከኮምቦልቻ በገዛሁት ቀለበት ስም ውስጥ ያለው «ና» ትርጉሙ ከወጣለት ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሠራሩ ሲለወጥ ስሙ አብሮ አልተለወጠም። ለልጁ ይህን ስነግረው ሳቀና፣ እናቱ ገጠር ሳሉ ቡናን በጨው ያፈሉ እንደነበር አስታወሰኝ። ልክ ነው፤ ጨው ማለት ሶዲየም ያለበት ነገር ነውና በወሎ ገጠር በጨው የሚጠጣው ቡና ከዚህ ቀለበት ይልቅ ለጀርመኑ ስም የተገባ ነው።

የእኛ ቡና ሌላ መንገድ የመጣ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ ቡና ይላሉ፤ ትግርኛና ሶማልኛ ቡን ይላሉ፤ ዓረብኛ ደግሞ ፍሬውን ቡንን ብሎ «ን»ን አጥብቆ ይጠራል። እነዚህ ቃላት መመሳሰላቸው የአጋጣሚ አይደለም፤ ተጎራባች ሕዝቦች ናቸው፣ ነገሩም አንድ ነው፣ በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ለዘመናት ተገበያይተውበታል። ዓረብኛ ግን ፍሬውንና መጠጡን ይለያል፤ የተፈላውን ቀህዋ ይለዋል። አውሮፓውያን በቱርኮች በኩል የወረሱት ይህን ሁለተኛውን ቃል ስለሆነ ከጣሊያንኛው ካፌ እስከ ጀርመንኛው ካፌ ድረስ የእነሱ ቃላት ሁሉ ከቀህዋ የወረዱ ናቸው። የእኛ «ቡና» በእነሱ ቋንቋ ውስጥ ዘር አልጣለም። ጀርመናዊው ኬሚስት «ቡና» ብሎ ሲሰይም ስኒ በሐሳቡ ያልነበረውም ለዚህ ነው።

በአማርኛ ደግሞ ቃሉ የሚሸከመው ብዙ ነው። ዛፉም፣ ፍሬውም፣ መጠጡም ቡና ነው። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ ልጅ ሲልክ የሚጠራው ለመጠጡ ብቻ አይደለም፤ ለወሬው፣ ለምርቃቱ፣ ለታመመው ጥየቃ ጭምር ነው። በእኛ በወሎ «ጀባ» ሳይባል ስኒ አይነሳም። ቀለሙም ቡናማ ይባላል። ይህን ሁሉ ተሸክመን ነው እንግዲህ አንድ የባዕድ ጽሑፍ ስናይ «የእኛ ነገር ነው» የምንለው።

ቃሉ ሌላም ቦታ አለ። ጃፓኖች ቡና የሚሉት በቀዝቃዛ ተራራ ላይ የሚበቅል፣ በክረምት ቅጠሉን የሚያራግፍ ትልቅ ዛፍ ነው፤ በሰሜን ጃፓን የሚገኘው የሺራካሚ ሳንቺ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ «የቡና ደን» የሚለውን ሐረግ የጅማ ሰውና የጃፓን ሰው በአንድ ድምፅ ይሉታል፤ የሚያስቡት ዛፍ ግን በምንም አይገናኝም። ሩማንያውያን ሰው ሲያገኙ «ቡነ» ይላሉ፤ የመጨረሻዋ አናባቢ ደብዘዝ ትበል እንጂ ለእኛ ጆሮ ቡና ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። ትርጉሙ «ደኅና፣ ጥሩ» ነው፤ ከላቲን የወረሱት፣ ከጣሊያንኛው «ብዎና» ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ ቃል ነው። በቦስኒያ ከሞስታር ከተማ አጠገብ ብላጋይ ከተባለ ቦታ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ቡና የሚባል ወንዝ አለ። ቡና የምትባል ከተማ በሰሜን ኬንያ፣ በዋጂር ግዛት፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ሌላዋ ቡና በፓፑዋ ኒው ጊኒ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለች መንደር ስትሆን እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ጃፓኖችና የተባበሩት ኃይሎች ክፉኛ ተዋግተውባታል።

ይህን ሁሉ «ቡና» በአንድ ገመድ ለማሰር የሚነሳ ሰው አይጠፋም። በከተማችንም ሁለት ቃል ተመሳስሎ ባየ ቁጥር «ከእኛ ነው የወሰዱት» የሚል ወዳጅ አለኝ። ነገር ግን ምላስ የምታወጣው ድምፅ ውሱን ነው፤ «በ» እና «ነ» ደግሞ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች የሚገኙ፣ ለሕፃን አፍ እንኳ የማያስቸግሩ ድምፆች ናቸው። ሁለቱ ድምፆች እያሉት ሁለት አናባቢ ጨምሮ አጭር ቃል የማይሠራ ቋንቋ ቢገኝ ነው የሚገርመው። ዝምድና ያለው ቃል የሚታወቀው በብቸኛ መመሳሰል ሳይሆን ሰዎቹ በታሪክ በመገናኘታቸው፣ ትርጉሙ በመቀራረቡና ሌሎች ቃላትም በዚያው ሥርዓት አብረው በመመሳሰላቸው ነው። ሱቅ ከዓረብኛ፣ ማኪያቶ ከጣሊያንኛ መምጣታቸውን የምናውቀው እንዲህ ነው፤ ማኪያቶ ማለት ነጠብጣብ ያለበት ማለት ሲሆን ቡናው በወተት ጠብታ ነጠብጣብ መያዙን ያመለክታል። በጃፓኑ ዛፍ፣ በጀርመኑ ጎማና በእኛ ስኒ መካከል ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች በያዟት ፖላንድ፣ ከአውሽቪትዝ አጠገብ ሞኖቪትዝ በተባለ ቦታ፣ ያው ድርጅት ሌላ የቡና ፋብሪካ ሊሠራ እስረኞችን በባርነት አሰማራ። እስረኞቹ የሚታጎሩበትን ካምፕም ሰዎች «ቡና» እያሉ ይጠሩት ነበር። በዚያ ብዙ ሺህ ሰዎች አለቁ፤ ፋብሪካው ግን አንድ ኪሎ ሰው ሠራሽ ጎማ እንኳ ሳያወጣ ጦርነቱ አበቃ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሣጥኑን እንደ መጀመሪያው ቀን ልቤ ሞቆ አላየሁትም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ቡና-ኤን የተፈጠረው ለነዳጅና ለዘይት ስለሆነ በዚያ ልፈትነው ወሰንኩ። መብራት ሲጠፋ የምጠቀምባት አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር ከነዳጅ መክፈቻዋ ሥር ታንጠባጥብ ነበር፤ ሌሊት ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ የቤንዚኑ ሽታ እስከ ኮሪደር ይደርስ ነበር። ከሣጥኑ ልኳን አውጥቼ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ወራት ሁሉ ጠብታ አላየሁም። ሌላም ፈተና አደረግኩ፤ ከሣጥኑ አንዲት ቀለበት፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ ለሙቅ ውሃ የሚሆን ኢፒዲኤም ከተባለ ጎማ የተሠራች ተመሳሳይ ልክ ያላት ቀለበት አምጥቼ ሁለቱን በሁለት የጃም ጠርሙስ ቤንዚን ውስጥ አሳደርኳቸው። (ይህን ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ ማድረግ ያስፈልጋል።) ጠዋት ሳወጣቸው የሣጥኗ ቀለበት በጥቂቱ ብቻ ወፍራ ነበር፤ ሌላይቱ ግን አብጣ፣ ተዝረክርካ፣ ማታ ልኳ በነበረው ብረት ላይ አልገባ ብላ ቀረች። ሁለቱ ማታ ላይ በቀለምም በመልክም አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አንዷ ዘይት ወዳድ እንፋሎት ጠል፣ ሌላይቱ እንፋሎት ወዳድ ዘይት ጠል መሆናቸውን በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም።

ሣጥኑን ለመኪና የሚገዛ ሰው የፍሬን ዘይት ላይ ይጠንቀቅ። በአማርኛ ዘይት እንለዋለን እንጂ በአብዛኛው መኪና የሚገባው የፍሬን ፈሳሽ ከግላይኮል የሚሠራ፣ ከሞተር ዘይት ጋር ምንም የማይዛመድ ነገር ነው፤ ቡና-ኤን በዚህ ውስጥ ይበላሻል። «ለዘይት ይሆናል» የሚለውን ሰምቶ ለፍሬን ያስገባ ሰው እኔ ለቡና ማሽን እንዳደረግኩት በስም ብቻ ይታለላል፤ የእሱ መታለል ግን በሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚታወቅ ነው። ለናፍጣ፣ ለሞተር ዘይት፣ ለሃይድሮሊክ፣ ለአየር መጭመቂያና ለቀዝቃዛ ውሃ ፓምፕ ግን ያለ ስጋት እመክረዋለሁ። የግቢዬ የውሃ ፓምፕ ላይም አንዲት አስገብቼ በደንብ ይዛልኛለች። ፀሐይ ግን አይወድም፤ መስኮት አጠገብ የተውኩት አንድ ቀለበት በጥቂት ወር ውስጥ ስስበው ይሰነጣጠቅ ጀመር። ሣጥኑን በጨለማ ቦታ፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ከሚሠራበት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ሞተሩ የሚፈጥረው ኦዞን ይህን ጎማ ይሰነጥቀዋልና።

ለማሽኑ መፍትሔ ፍለጋ ዳግመኛ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ያንኑ ሻጭ አነጋግሬው ነበር። አልተከራከረኝም፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔም ጽሑፉን አይቼ ነው» አለኝ። ቀጥሎም ከሌላ ሣጥን ቀለማቸው ቡናማ የሆኑ ቀለበቶች አውጥቶ አሳየኝና ሁለታችንም ሳቅን፤ ጥቁሩ «ቡና» ሲባል ቡናማው ሌላ ስም መያዙ ነበር ያሳቀን። ቡናማዎቹ ቪቶን በሚል የንግድ ስም የሚታወቁ፣ በእጅ ሲይዟቸው ከበድ የሚሉ፣ እስከ 200 ዲግሪ የሚደርስ የጋለ ዘይትና ነዳጅ የሚችሉ፣ ዋጋቸውም ከበድ ያለ ናቸው። ለእንፋሎት የሚመረጠው ግን ቡናማውም አልነበረም። የሚመረጠው ያች ቤንዚን ውስጥ አብጣ ያደረችው ጥቁር ኢፒዲኤም ናት፤ ለምግብ የተፈቀደ የሚል ምልክት ያለበት ፓኬት አዲስ አበባ በሚመላለስ ወዳጄ በኩል አስመጥቼ አስገባኋት። ስትገባ ተራ ግሪስ መቀባት አይፈቀድም፤ ዘይት ያለበት ግሪስ ያሳብጣታል፤ በሲሊኮን ግሪስ ብቻ ነው። ይኸው ከነሐሴ ወዲህ ፉጨት የለም፤ መምህሩም ስለ ሽታ ምንም አላሉኝም።

ስለ ሻጩ ያለኝ ቅሬታ ይህ ነው፤ ሣጥኑ ለምን እንደሚሆን በአንድ አረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፎ ክዳኑ ላይ ቢለጥፍ ከኔ በኋላ የመጣ ባለ ካፌ አይሳሳትም ነበር። በሁለተኛው ጉዞዬ ይህን ብነግረውም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልለጠፈም። እኔ የራሴን ሣጥን ጽፌበታለሁ፤ «ለቤንዚን፣ ለናፍጣና ለቀዝቃዛ ውሃ ብቻ» ይላል። ማኪያቶ የሚቀዳልኝ ልጅ ከሥሩ በእስክሪብቶ «ቡና አይደለም» ብሎ ጨምሮበታል። ለጄኔሬተሩ መክፈቻ የሚሆነው ልክ ከሣጥኑ ሦስት ብቻ ነው የቀረው፤ በየክፍሉ ለብቻ የሚሸጥ መደብር ኮምቦልቻ ላይ እስካገኝ ድረስ ሁለተኛ ሙሉ ሣጥን መግዛቴ አይቀርም።